«ምን ተሰማዎት?»

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ሬዲዮው ከፍ ብሎ ተከፍቷል። ጋዜጠኛው ሎተሪ የደረሳቸውን አንድ ሰው ስቱዲዮ ድረስ ጋብዞ ያነጋግራል። «ቁጥሩን ሲያዩት ምን ተሰማዎት?» «ማመን አልቻልኩም።» «መጀመሪያ የነገሩት ለማን ነው?» «ለባለቤቴ።» «እሳቸውስ ምን ተሰማቸው?» «እሷም አላመነችም።» «በገንዘቡ ምን ሊሠሩበት አሰቡ?» «ቤት እሠራለሁ፤ የተረፈውን እነግድበታለሁ።» ይህን የመሰለው ጥያቄና መልስ አራት ኪሎ እስክንደርስ አላለቀም። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ አንገቱን ወደ ሬዲዮው አስግጓል። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ትኬቱ የት ሰፈር እንደ ተሸጠ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ጋዜጠኛው ድምፁን አለስልሶ «ቀጣዩ ባለዕድል እርስዎ የማይሆኑበት ምን ምክንያት አለ?» አለና ወደ ማስታወቂያ ሄደ። የማስታወቂያው ባለቤት ማን እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው።

በሙያዬ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና ያ «ምን ምክንያት አለ» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዳለው ዐውቃለሁ፤ ምክንያቱ ቁጥር ነው። ነገር ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ሎተሪ የሚገዛውን ሰው ቁጥር ለማስተማር አይደለም። ያንን የሞከርኩበት ቀን ነበር፤ አፍሬ ተመልሻለሁ፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምከስሰው ሬዲዮውን ነው። ከሬዲዮው ጀርባም ሕዝባችን ከዕጣ በቀር ሌላ የሀብት በር እንዳይታየው ያደረገውን አሠራር እከስሳለሁ።

እስቲ ወሬው እንዴት እንደሚፈበረክ እንመልከት። ለዚህ የሚሻለው የዜና ክፍሎቻችን በየጊዜው እየተረጎሙ የሚያስነብቡን የአሜሪካው ፓወርቦል ነው፤ አሠራሩ በግልጽ የታተመ ስለሆነ ማንም ሊያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በካሊፎርኒያ የተሸጠ አንድ ትኬት 2.04 ቢሊዮን ዶላር አሸነፈ ተባለና ዓለም ጉድ አለ። ይሁንና 2.04 ቢሊዮን ዶላር የሚባል ገንዘብ በአንድ ካዝና ተቀምጦ አልነበረም። ያ ቁጥር አሸናፊው ገንዘቡን በ30 ክፍያ ከፋፍሎ በ29 ዓመታት ውስጥ ቢቀበል የሚደርሰው ድምር ነው። በአንድ ጊዜ ልውሰድ ላለ ሰው የሚሰጠው፣ ያውም ግብር ሳይነሣለት፣ 997.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በአርእስቱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የወለድ ምጣኔ ከፍ ባለ ቁጥር ያው ጥሬ ገንዘብ በወረቀት ላይ ይበልጥ ያብጣል፤ እ.ኤ.አ. 2022 ደግሞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ደጋግሞ ከፍ ያደረገበት ዓመት ነበር። ይህን ያብራራ የአማርኛ ዜና እኔ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሬ ወደ ብር መንዝሮ ዜሮዎቹን የደረደረ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2015 ድረስ የፓወርቦልን ዋና ዕጣ የማግኘት ዕድል ከ175 ሚሊዮን አንድ ነበር። በዚያ ወር አዘጋጆቹ የኳሶቹን ቁጥር ለወጡና፣ ከ69 አምስት ከ26 ደግሞ አንድ በትክክል መገመት እንዲያስፈልግ አድርገው፣ ዕድሉን ከ292 ሚሊዮን ወደ አንድ አወረዱት። ዕቃውን ሆነ ብሎ አክፍቶ የበለጠ የሚሸጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕጣው በቀላሉ እንዳይወጣ ሲደረግ ገንዘቡ ሳይነካ ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል፤ ሲተላለፍ ይቆለላል፤ ሲቆለል ዜና ይሆናል፤ ዜናው ትኬት ይሸጣል። ደንቡ ተለውጦ ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 2016፣ ዕጣው 1.586 ቢሊዮን ዶላር ደረሰና ሦስት ትኬቶች ተካፈሉት። ሜጋ ሚሊዮንስ የተባለው ተፎካካሪም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የትኬቱን ዋጋ ከ2 ዶላር ወደ 5 ዶላር ሲያሳድግ ለገዢው የገባው ቃል ዕጣው ይበልጥ እንደሚገዝፍ ነበር። እንግዲህ ጋዜጠኛው ከደጅ ቆሞ የሆነውን የሚዘግብ ይመስለዋል እንጂ እርሱ ራሱ ከወፍጮው ድንጋዮች አንዱ ነው። ያለ እርሱ አይፈጭም።

ሚዛናዊ ዘገባ ይቅረብ ቢባልስ? ሊሆኑ ከሚችሉት 292 ሚሊዮን የቁጥር ስብስቦች ለእያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ብቻ ተሰጥቶ «አልደረሰውም» ቢባል፣ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ከ9 ዓመት በላይ ይፈጃል። ባለዕድሉ ድርሻው አንድ ሰከንድ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሰጥተነዋል።

አሁን ወደ አፈርኩበት ቀን ልመለስ። በምሠራበት ሕንፃ ጥበቃ የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በደረት ኪሳቸው ትኬት ጠፍቶ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ አንድ ምሽት ከቢሮ ስወጣ ትኬቱን በባትሪ ብርሃን ሲመረምሩ አገኘኋቸውና የመምህርነት አባዜዬ ተነሣብኝ። ስለ ዕድል ስሌት ሰፋ ያለ ገለጻ አደረግሁላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይህን ገንዘብ በየወሩ ባንክ ቢያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ ስንት በሆነ ነበር?» አልኳቸው።

«እርስዎ ያስቀምጣሉ ዶክተር?»

«አዎን፣ አስቀምጣለሁ።»

«ደግ አደረጉ። አምና ያስቀመጡት ብር ያን ጊዜ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬስ ስንት ይገዛል?»

መልስ አልነበረኝም። ወይም መልሱን ስለማውቀው ዝም አልኩ። በዚያ ዘመን የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል 7 በመቶ ነበር፤ አብዛኛው ቆጣቢ የሚያገኘውም እርሱኑ ወይም ለእርሱ የቀረበውን ነው። የዋጋ ንረቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107,000 ብር ይቈጥራል። ነገር ግን አምና በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130,000 ብር ገብቷልና ገንዘቡ አምና 82,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። አስራ ስምንት ሺህ የሚጠጋው ሌባ ሳይገባ፣ እሳት ሳይነሣ ጠፋ። የጋሼ ትኬት በአንድ ሌሊት ይቃጠላል፤ የእኔ ደብተር ቀስ እያለ ይቀልጣል። ልዩነታችን እርሳቸው ገንዘባቸው ሊጠፋ እንደሚችል ዐውቀው መግዛታቸው፣ እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ተብዬ መመስገኔ ነው።

ይህ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ ሰነድ ላይ በዝቅተኛ ወለድ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር። የቆጣቢው ገንዘብ በርካሽ ተሰብስቦ በርካሽ ለትልልቅ ተበዳሪዎች ተላለፈ። የተሠራበት መንገድና የተገነባበት ፋብሪካ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ በይፋ የነገረው አልነበረም። ይልቁንም «ቆጥብ» እየተባለ ይመከር ነበር። መካሪዎቹ መካከል እኔም ነበርኩበት፤ በክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት።

ባንኮቹ የቆጣቢውን ልብ ያውቁታል። በወለድ ሊስቡት ባልቻሉበት ዘመን በዕጣ ሳቡት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚለውን ዘመቻ የማያስታውስ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም፤ የግሎቹም ተከተሉት። የቆጠበ ሁሉ ኩፖን ይይዛል፤ ከኩፖኖቹ አንዱ መኪና ያወጣል። አስቡት፤ ቁጠባ የሎተሪ ተቃራኒ ነው ብለን የምናስተምረው ነገር ራሱ ሎተሪ ሆነ። ለሚሊዮኖች ሚዛኑን የጠበቀ ወለድ ከመክፈል ለአንድ ሰው መኪና ሰጥቶ በቴሌቪዥን ማሳየት ይረክሳል። ቴሌቪዥኑም አልጠየቀም። «ቁልፉን ሲረከቡ ምን ተሰማዎት?» አለ እንጂ።

የቤቱ ጉዳይስ? የ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብር ሲጀመር ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነዋሪው 20 በመቶውን ይቈጥባል፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል፣ ተራውን ዕጣ ይወስንለታል። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ተራቸውን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። ልጅ ወልደው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ደርሶ ማለት ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በቀጥታ ስርጭት ታየ፤ እልልታውም ተቀረጸ። በቀናት ውስጥ መረጃው ተነካክቶ ሊካተቱ የማይገባቸው ሰዎች ስም መግባቱ ተነገረና ዕጣው ተሰረዘ። ዳግም የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ የማይረሳኝ የአንዲት ሴት ንግግር ነው፤ ሴትዮዋ ቤቱ ቀረብኝ አላሉም፤ «ዕድሌን ነጠቁኝ» ነው ያሉት። የዓመታት ቁጠባቸውን፣ ከእንጀራቸው የቀነሱትን ገንዘብ፣ ራሳቸው እንኳ ዕድል ብለው ጠሩት። ሥራቸው ነበር እኮ!

በዚህ ላይ ዲቪውን ጨምሩበት፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የጠበቀውን። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየመንደሩ የተከፈቱትን የስፖርት ውርርድ ቤቶችም ጨምሩበት። ቤት በዕጣ፣ ስደት በዕጣ፣ መኪና በዕጣ፣ የኳስ ጨዋታ በዕጣ። ከዚህ በኋላ «ሕዝባችን ሠርቶ ማግኘትን ጠላ፤ አቋራጭ ወደደ» ብሎ በካፌ የሚፈርድ ምሁር ሲያጋጥመኝ የማኪያቶውን ዋጋ ብቻዬን ከፍዬ ብሄድ እመርጣለሁ። ሕዝቡ ያደረገው የታየውን በር ማንኳኳት ነው።

አቋራጭ ወዳድ አለመሆናችንን ለማወቅ ከፈለጋችሁ እቁብን ተመልከቱ። ሃያ ሰዎች በወር አምስት አምስት ሺህ ብር ይጥላሉ፤ በየወሩ 100,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል። ዕጣ አለበት። ግን ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው፤ ሃያው ወር ሲያልቅ ያልደረሰው አይኖርም። ቀድሞ የወሰደ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፤ ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ። የቸገረው ሰው ከባለዕጣው ጥቂት ከፍሎ ተራ ይገዛል፤ ይህ በቋንቋችን እንዲያ ባንለውም ወለድ ነው። መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ በእቁብ እንደ ተከፈተ መርካቶን ጠይቁ። አያቶቻችን ዕድልን ወደ ቤታቸው ሲያስገቡት ታዛዥ አድርገው ነው ያስገቡት፤ ተራ አስያዥ አደረጉት። እኛ ግን ጌታ አደረግነው። (የዋጋ ንረት ሲበረታ ሃያኛው ሰው እንደሚጎዳ አልጠፋኝም። እቁብን ያልገደለ ጉዳይ የለም ብዬ አልከራከርም፤ ግን እቁቡን የጎዳው ዕጣው አይደለም።)

ቃሎቻችንም ይህን ያውቃሉ። «ሀብት» የግእዝ ቃል ነው፤ «ወሀበ»፣ ሰጠ ከሚለው ይወጣል። ሀብት የተሰጠ ነገር፣ ስጦታ ነው። ሌላ ቃል ደግሞ አለን፤ «ጥሪት»። እርሱ «አጥረየ» ከሚለው ነው፤ ገንዘብ አደረገ፣ አፈራ ማለት ነው። አንዱ ከላይ የሚወርድ፣ አንዱ ከታች የሚጠራቀም። ጋዜጦቻችንን ስታነቡ አስተውሉ፤ ሀብት «ይገኛል»፣ «ይደረሳል»፤ ጥሪት ግን ዜና የሚሆነው ሲጠፋ ብቻ ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ተዘረፈ፤ ጥሪቷ በእሳት ወደመ። ሰው ጥሪቱን እያጠራቀመ ሳለ የዘገበ ጋዜጠኛ የት አለ?

«ኧረ እንዘግባለን» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ የስኬታማ ነጋዴዎች ታሪክ በየሬዲዮው አለ። አቀራረቡን ግን ስሙት። «ከሊስትሮነት ተነሥቶ የሚሊዮኖች ጌታ የሆነው» ይባልና ከሊስትሮ ሣጥኑ ወደ ሕንፃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘለላል። መካከሉ የለም። የመጀመሪያውን ብድር ማን አበደረው? በስንት ወለድ? መሬቱን በሊዝ ነው ያገኘው ወይስ በሌላ? ስንት ጊዜ ከሰረ? ግብር እንዴት ከፈለ? ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይወጣና ታሪኩ እንደ ሎተሪ ይሆናል። ትናንት ምንም፣ ዛሬ ሁሉ። ቀጥሎም «ምን ተሰማዎት?» ይከተላል።

የተጨበጠ ምሳሌ ላምጣ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ይህም 9,900 ብር ነው። በእጅ ስልክ መግዛት ይቻል ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነ፤ የገዛው ሰው ከ47 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚያው ዓመት ጥር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ይህ ድርጅት ለመግዛት የሚያበቃ ነበር ወይም አልነበረም አልልም፤ ዋጋው ተወደደ ያሉም የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ 9,900 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣትም ለጋሼ አይሞከርም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በእነዚያ ወራት አክሲዮን ምን እንደ ሆነ፣ የትርፍ ድርሻ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ገዢው ቢቸግረው የት እንደሚሸጠው፣ ዋጋው ቢወርድ ምን እንደሚሆን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲብራራ በታክሲ ውስጥ አልሰማሁም። ማስታወቂያ ሰማሁ፤ መፈክር ሰማሁ። ለትንታኔ ግን ሰዓት የለም። ሰዓቱ ለባለዕድሉ ተሰጥቷል።

አንድ ጋዜጠኛ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ሰው በዚህ ኑሮ ውስጥ ተስፋ የሚገዛበት ሌላ ምን አለው? እሱን ደግሞ ልትነጥቀው ነው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ለጥቂት ብር ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት እየሠሩ፣ ልጅ እየዳሩ ማለም ርካሽ መዝናኛ እንደ ሆነ እቀበላለሁ፤ ሎተሪ አዟሪዎቹም ከዚያች ትኬት እንጀራቸውን ያገኛሉ። ብሔራዊ ሎተሪ ነገ ይዘጋ አልልም። ተስፋውን ሰው ይግዛ። እኔ የምቃወመው ዜና ተብሎ በነጻ እየተረጨ፣ ሌላውን ተስፋ ሁሉ ከገበያ ማስወጣቱን ነው። ወዳጄን «ያንተስ ገንዘብ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። መሬት ገዝቶበታል። ሁለት አክሲዮንም አለው። ለራሱ የሚያውቀውን ለአድማጩ አይነግርም ማለት ነው።

ለዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ፕሮግራም እንዲሠሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሎተሪ ገዝቶ ምንም ያልደረሰውን ሰው ይጋብዙና በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ በዚያው የሙዚቃ ማጀቢያ ይጠይቁት። በድምሩ ስንት ብር አወጡ? ቁጥሩን ሲያዩት ምን ተሰማዎት? ለባለቤትዎ ነገሯቸው? ከዚያ የባንክ ሰው ከጎኑ ያስቀምጡና ያው ገንዘብ በየዓመቱ በነበረው ወለድና በየዓመቱ በነበረው የዋጋ ንረት ታስቦ ዛሬ ምን ያህል እንደሚሆን በአየር ላይ ያሰላ። ስሌቱን እኔ በነጻ እሠራለሁ ብያለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

እንግዳ ግን አግኝቼላቸዋለሁ። ጋሼ ፈቃደኛ ናቸው። የድሮ ትኬቶቻቸውን በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አከማችተዋል፤ ይዤ እሄዳለሁ ብለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ስላልሆኑ ይመቻቸዋል።